አቶ ሆሴዕና ስሙ የረዘመው ማሽን

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ ጥፋት ተረካቢ አይጠፋም። ዕድር ውስጥ አለ፤ መዘምራን ውስጥ አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ይመስል ቢሮ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ብርጭቆ ሲሰበር እኛ ዞር ብለን ወደ በሩ ስናይ፣ እሱ ማን እንደሰበረው ገና ሳይጣራ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ መጥረጊያ ፍለጋ ይሄዳል። ብርጭቆውን የሰበርነው እኛ መሆናችንን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ግን አንዴ ተናግሯልና ቃሉን እንዳናጥፍበት ዝም እንላለን። እንዲህ ዓይነት ጨዋዎች ነን።

የእኛ ጥፋት ተረካቢ የተከበሩ አቶ ሆሴዕ ይባላሉ። ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ በኩል ባለች አንዲት የግል ጤና ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። እስከ መጨረሻው አንቱ ብንላቸው ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀን አንቱ ስንላቸው «ይቅርታ፣ ያረጀሁ መስዬ አስቸገርኳችሁ» ስላሉን ወደ አንተ ተመልሰናል።

ሆሴዕ ረጅም ነው። አባቱ የፎንቆ ሰው፣ እናቱ የዶዮገና ሰው ስለሆኑ በሀዲይኛ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በከምባትኛ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በአማርኛ ይቅርታ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ሲጠይቀው የሰሙ አሉ። ከዩኒቨርሲቲ ጥሩ ዲግሪ ይዞ ነው የወጣው፤ እሱን ሲጠየቅ ግን «በዚያ ዓመት ፈተናው ቀሎ ነበር» ይላል።

አንድ ቀን ከመናኸሪያ ወደ ላይ ሲወጣ ባጃጅ ከኋላው መጥቶ ክንዱን ገጨው። ሹፌሩ ቀድሞ ለመሳደብ ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። አፉን ሳይከፍት ሆሴዕ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላይህ ፊትህ ሄድኩ» አለው። የሚሄደው በእግረኛ መንገድ ላይ ነበር። ሹፌሩ ያዘጋጀው ስድብ ጉሮሮው ላይ ቀረና ግራ ተጋብቶ በነጻ ቤቱ አደረሰው። ሆሴዕም መንገዱን ሙሉ ባጃጇ ላይ የቀረውን ጭረት እያየ ሲሸማቀቅ ሄደ።

የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ ዝናብ ወረደ። ሰርጉን በሐምሌ የደገሱት እነሱ ናቸው። ሆሴዕ ግን በድንኳኑ ውስጥ ከሰው ሰው እየዞረ ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ። ፎንቆ ውስጥ ደግሞ ሁለት ጎረቤቶች በእንሰት ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ሁሉ አልሆንለት ሲል ሆሴዕ ተጠራ። ተነሥቶ «ልጅ ሆኜ እዚህ ስጫወት የድንበሩን ድንጋይ ሳላንቀሳቅሰው አልቀርም» አላቸው። ሁለቱም ጎረቤቶች በአንድ አፍ ጮኹበት። በአንድ አፍ መጮኽ ከጀመሩ በኋላ መጣላቱን መቀጠል አሳፈራቸውና እዚያው ታረቁ። እስከ ዛሬ በፍቅር ይኖራሉ፤ ሆሴዕን የሚያሙትም አብረው ነው።

ሚስቱ ገነቴ ሒሳብ አስተማሪ ናት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ እንዳለ ታምናለች። «የሰው ጥፋት እየለቀምክ ቤቴ አታምጣ፤ ማስቀመጫ የለኝም» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። «ምን ላድርግ ገነቴ፣ ሌላው ሰው በከብት ይከብራል፣ እኔ በጥፋት ከበርኩ» ይላታል።

የኮሌጁ ዲን አቶ ብዙነህ እንደ ሆሴዕ ያለ ሠራተኛ በሕይወታቸው አግኝተው አያውቁም። ወደ ኮሌጁ ከመምጣታቸው በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ሂደት ባለቤት ነበሩ። ሲለቁ ወንበሩን ትተው ግምገማውን ይዘው መጡ። በዚያ ዘመን ግምገማ የሌለበት የመንግሥት ቢሮ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ የግል ኮሌጅ ውስጥ ግን ከእኛ በቀር የሚገመገም መኖሩን እንጃ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እንሰበሰባለን። አቶ ብዙነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ግለ ሂስ የሚያቀርብ?» ይላሉ። ሁላችንም ጫማችንን እናያለን። በመጨረሻ ሆሴዕ ይነሣል፤ ሆሴዕ ሲነሣ ቤቱ በሙሉ ይተነፍሳል።

ውኃ ስለ መጥፋቱ ራሱን ይወቅሳል። መብራት ስለ መቋረጡ ራሱን ይወቅሳል። የአናቶሚ መምህሩ አርፍዶ ስለ መግባቱ «ሰዓቱን ላስታውሰው ይገባ ነበር» ይላል፤ የአናቶሚ መምህሩም በመስማማት ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ሐሙስ አቶ ብዙነህ ራሳቸው ደከማቸውና «በቃ አቶ ሆሴዕ፣ ለሌላውም ሰው አስተርፍለት እንጂ» አሉት። «እውነት ነው፣ ተስገበገብኩ፤ ይኼም ጥፋት የእኔ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

እንዲህ ስንኖር በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት መግቢያ ላይ ማሽኑ መጣ።

ማሽኑ ያባዛል፣ ያትማል፣ ስካን ያደርጋል፣ ፋክስም ይልካል። ቁመቱ ከፍሪጅ ትንሽ ያንሳል። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ አቶ ብዙነህ በር ላይ ቆመው ተቀበሉትና ከራሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጡት። ሆሴዕ ከኮሌጁ ኔትወርክ ጋር ካገናኘው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

«ክቡር ዲን፣ ኔትወርኩ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ መጠሪያ ያስፈልገዋል። ‹ፕሪንተር ሁለት› ልበለው?»

«ፕሪንተር ሁለት? አንደኛው የቱ ነው?»

«ሬጅስትራር ቢሮ ያለው አሮጌው።»

«እኔ ከሬጅስትራር ቀጥዬ ነው የምመጣው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሆሴዕ።

«ስሙን እኔ አወጣዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ስጠኝና ሂድ።»

አቶ ብዙነህ በሩን ዘግተው፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ ከምሳ በኋላ ጀምረው እስከ ሻይ ሰዓት ጻፉ። ሲጨርሱ የማሽኑ ስም እንዲህ ሆነ፦ «የክቡር ዲን አቶ ብዙነህ ጽሕፈት ቤት ዘመናዊና ባለ ብዙ አገልግሎት የማባዣ፣ የማተሚያ፣ የስካንና የፋክስ መላኪያ ማሽን ቁጥር አንድ»። የማሽኑ ትንሽ መስኮት ስሙን በአንዴ መያዝ ስላልቻለ ከቀኝ ወደ ግራ እያሳለፈ ያሳይ ነበር። አቶ ብዙነህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስሙ አልፎ እስኪያልቅ ያስቆሙታል።

ያ ሳምንት የተመራቂ ነርሶቻችን ስም ለብቃት ምዘና የሚላክበት ሳምንት ነበር። ሲኦሲ የሚባለውን ይህን ምዘና ያላለፈ ነርስ የትም እንደማይቀጠር በዚያን ጊዜ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ስማቸውና የሦስት ዓመት ውጤታቸው ዓርብ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ለመዛኞቹ በኢሜይል ካልደረሰ ልጆቹ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ አለባቸው። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ ደግሞ መዛኞቹም «እንጃ» ነው የሚሉት። ውጤቱ ሁሉ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ከሰርቨሩ አውጥታ የምትልከው ሬጅስትራሯ ሐዳሳ ናት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የሐዳሳ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

«ሆሴዕ! ሄደ!»

«ማን?»

«ሲስተሙ ነዋ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጣሁ!»

ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሣው። ተነሣ። ሐዳሳ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ውጤት ከፍታ ልታወጣ ስትል ተመልሶ ወደቀ። እንደገና አስነሣው፤ እንደገና ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ሲነሣና ሲወድቅ ዋለ። ሆሴዕ ገመዱን ፈተሸ፣ ቫይረስ ፈለገ፣ ለሰርቨሩ አቧራውን አራገፈለት። በእያንዳንዱ ውድቀት ደግሞ በየቢሮው እየዞረ ይቅርታ ስለሚጠይቅ ለመጠገን የቀረው ጊዜ አነስተኛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ብዙነህ ሌላ ጉዳይ ነበራቸውና አርፍደው ገቡ። እስኪገቡ ድረስ ሲስተሙ እንደ ጤነኛ ይሠራ ነበር። ገብተው ቢሯቸውን ከፍተው ማሽናቸውን ካበሩ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። የአናቶሚ መምህሩ «ሲስተሙም ዲኑን ይፈራል» አለ። ሳቅን። ሆሴዕም ሳቀ፤ በመሳቁ ግን ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። ከመካከላችን አንዳችንም ያችን ቀልድ ቆም ብለን አላሰብንባትም። አስተማሪዎች ነን፤ ከቀልድ በኋላ ማሰብ ልማዳችን አይደለም።

ከሰዓት ግምገማ ተቀመጥን። ሆሴዕ ሳይጠራ ተነሣ።

«ሲስተሙ የሚወድቀው በእኔ ምክንያት ነው» አለ። «ለምን እንደሚወድቅ አላወቅኩም። አለማወቄም ጥፋት ነው።»

አቶ ብዙነህ ፊታቸው በራ። «ጥፋተኛው ራሱ ካመነ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። ዝርዝሩ እስከ ነገ ካልተላከ አቶ ሆሴዕ ከሥራው እንዲሰናበት፣ ለተማሪዎቹም ምክንያቱ እሱ መሆኑ እንዲገለጽ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚደግፍ?»

እጃችንን አወጣን። ሆሴዕን ስለምንጠላው አልነበረም፤ ስብሰባው እንዲያልቅልን ነበር። ዞር ብለን ስናይ ሆሴዕም እጁን አውጥቷል።

ማታ ራት ላይ ለገነቴ ነገራት። ቆጮው ቀዘቀዘ፣ እሷም አልበላችም። ካዳመጠችው በኋላ እንደ ልማዷ አልተቆጣችም፤ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁማ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው።

«በትክክል ምን አጠፋህ?»

«ሲስተሙ ወደቀ።»

«እሱ የሆነው ነው። አንተ ያጠፋኸው ምንድን ነው?»

«እሱን አላውቀውም» አለ ሆሴዕ።

«ሳታውቀው ነው ያመንከው?»

«አምኜ ልጀምርና በኋላ እደርስበታለሁ ብዬ ነው።»

«እንግዲያውስ ድረስበት» አለችው ገነቴ፤ ሳህኑን ወደሱ ገፋ አድርጋ። «ከሥራ የሚያስባርርህን ጥፋት ስሙን እንኳ ሳታውቀው አትባረር።»

ሆሴዕ ዓርብ ጠዋት መሃል ከተማ ወደሚገኝ ኢንተርኔት ቤት የሄደው ራሱን ነጻ ሊያወጣ አልነበረም። የሄደው ጥፋቱን በዝርዝር አውቆ በደንብ ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር። ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚጽፈውን የስህተት መልእክት ፈልጎ ፈልጎ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ያወጡት ማስጠንቀቂያ ላይ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር አብሮ የመጣ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አለ። ሥራው እንደ ዘበኛ ኔትወርኩ ላይ ያሉትን ማሽኖች እየዞረ «ማን ነህ? ደህና ነህ?» ማለትና የሚሰጡትን መልስ መያዝ ነው። ለመልሱ የተዘጋጀለት ቦታ ጠባብ ነው። ከዚያ የረዘመ ስም ያለው ማሽን ሲያጋጥመው «ይበቃል» ብሎ መመለስ አያውቅም፤ ሁሉንም ካልተቀበልኩ ብሎ ሲታገል ይወድቃል፣ ሰርቨሩንም ይዞ ይወድቃል። ሠሪዎቹ ስህተቱ የራሳቸው መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል፤ ማንም ሰው፣ ተንኮለኛም ይሁን የዋህ፣ አንድ ረጅም ስም በመላክ ብቻ አገልግሎቱን በሙሉ ሊያስቆም እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ አንዱ ብቻውን በኮምፒውተር ውስጥ የሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ይይዛል። የክቡር ዲኑ ማሽን «ማን ነህ?» ሲባል ምን እንደሚመልስ ሆሴዕ ያውቃል።

ደግሞ አነበበው። የእሱ ጥፋት የለበትም። ደስ ሊለው ሲገባ፣ ለዓመታት የያዘው ዕቃ ከእጁ የተነጠቀ መሰለው። «የማላውቃቸው ፈረንጆች የሠሩትን ስህተት ነው እንዴ ትናንት ተነሥቼ የኔ ነው ያልኩት?» አለ ለራሱ። «እኔ ደግሞ ስስቴ!»

ማስተካከያው ወጥቷል። ላውርደው ቢል፣ ወርዶ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን ኮምፒውተሩ ነገረው። መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ መሥራትም አይቻልም፤ የሬጅስትራሩ ሶፍትዌር ያለ እሱ አይነሣም። ማሽኑን ቢያጠፋው ደግሞ ዲኑ ወዲያው መልሰው ያበሩታል። የቀረው መንገድ አንድ ነው። የማሽኑን ስም ማሳጠር።

ሌላ ሰው ቢሆን ዲኑ ጋ ገብቶ ይናገር ነበር። ሆሴዕ ግን ዲኑ ከቢሮ የሚወጡበትን ሰዓት ጠበቀ። ሲወጡ ገባና ያን ሁሉ ስም አጥፍቶ «ዲን» ብሎ ጻፈበት። ሰርቨሩን አስነሣ። ሐዳሳ መሥራት ጀመረች፤ አልወደቀም። የዝርዝሩን ግማሽ አወጣች፤ አልወደቀም። መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። ሆሴዕ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ማንንም ሳያስቀይም ዓለምን እንዳዳነ ሰው ፈገግ አለ።

አቶ ብዙነህ ተመለሱ። የማሽናቸውን ትንሽ መስኮት አዩ። «ዲን» ይላል። አቶ የለ፣ ክቡር የለ።

«ማነው ስሜን የቆረጠው!» የሚል ድምፅ እስከ ላቦራቶሪው ተሰማ። አቶ ብዙነህ ተቀምጠው ስሙን እንደገና ጻፉት፤ በንዴትም «ማስተርስ ዲግሪ» የሚል ጨመሩበት። ወዲያው መዝሙሩ ቆመ።

«ሆሴዕ! ሄደ!»

ሆሴዕ ወደ ሰርቨሩ አልሄደም። እግሩ ወደ ግቢው ወሰደው። ተመራቂዎቹ ዝናብ ፈርተው በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመዋል። ከሀቢቾ የመጣች ዘነበች የምትባል ተማሪ ሲያያት ወደሱ መጣች። በሰፈሯ ጤና ኬላ ቦታ ተገኝቶላታል፤ ሲኦሲውን ይዛ ካልሄደች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጎበዝ ልጅ ናት፤ በጣም ዝግ ብላ ነው የምትናገረው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችው። «እኛ ሁላችንም በአንዴ ስለመጣን ነው አይደል ሲስተሙ የደከመው? ግማሾቻችን ስማችን ቢቀር ይነሣ ይሆን? እኔ እንኳ ብቀር...»

ሆሴዕ የሰማው ነገር የገዛ ራሱን ድምፅ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዲህ የሚያናድድ አይመስለውም ነበር።

«የለም!» አላት፤ ጮኾ። ጮኾ አያውቅም፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ዞሩ። «የለም ዘነበች፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። አትቀሪም። እንዲህ ብለሽ ደግመሽ አትናገሪ!»

«ታዲያ የማን ነው ጋሼ?»

ሆሴዕ ዞሮ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደ። እኛም ለሥራ ጉዳይ በዲኑ መስኮት ሥር ተሰበሰብን። ሐዳሳ ብቻ ተከትላው ገባች።

«ክቡር ዲን» አለ ሆሴዕ። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም።»

አቶ ብዙነህ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አልክ?»

«የእኔ አይደለም።» ድምፁ ቀጠነ፣ ግን አልተቆረጠም።

«ትናንት በሁሉም ፊት አምነህ የለም እንዴ?»

«ትናንት ሳላውቅ አመንኩ። ዛሬ አውቄ ነው እምቢ የምለው።»

«እሺ። የማን ነው ታዲያ?»

«የፕሮግራሙ ሠሪዎች ነው። ስም ሲረዝምበት የሚወድቅ ፕሮግራም ነው የሠሩት። ራሳቸው አምነዋል።»

«መልካም፤ የእነሱ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? እዚህ ግቢ ውስጥ ስሙ የረዘመ ማነው?»

ማሽኑ በስተጎን ስሙን ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፋል። ሆሴዕ በልቡ ‹አሁን ባስነጥስ ኖሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ሰበብ ይሆነኝ ነበር› አለ። አላስነጠሰውም።

«የእርስዎ ማሽን ነው፣ ክቡር ዲን። ስሙን ያወጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

መስኮቱ ሥር ያለን ሰዎች አንገታችንን ቀበርን።

«እኔ?» አሉ አቶ ብዙነህ። «እኔ ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ ስምህ በዛ ተባልኩ? አንድ ማሽን ስሜን ቢሸከም ምን ይሆናል? ክቡር መባል ያንሰኛል?»

«አያንስዎትም። እኔ ራሴ ክቡር ዲን እልዎታለሁ፤ ነገም እላለሁ» አለ ሆሴዕ። «ግን ዘነበች ውጭ ቆማ ሲስተሙን ያደከምነው እኛ ነን ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ‹የእኔ ስም ይቅር› ብላኛለች። ክቡር ዲን፣ የልጆቹ ስም ከሚቀር የማሽኑ ስም ይጠር።»

አቶ ብዙነህ ተነሥተው ወደ መስኮቱ መጡ። በግድግዳው ተለጠፍን። እሳቸው ግን የሚያዩት ከእኛ አልፈው ነበር፤ ከቆርቆሮው ሥር የቆሙትን ልጆች። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ስሙን ከፈቱና ከመጨረሻው ጀምረው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ማጥፋት ጀመሩ።

ሐዳሳ ሰዓቷን አየች። «ክቡር ዲን፣ ሁሉንም በአንዴ ማጥፋት ይቻላል እኮ።»

«ተዪኝ» አሏት። «ሲጠፋም በክብር ይጥፋ።»

ማስተርስ ዲግሪው ሄደ። ቁጥር አንድ ሄደ። ፋክሱ ሄደ፣ ስካኑ ሄደ። «ዘመናዊ» ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ብለው ቀጠሉ። በመጨረሻ «ክቡር» የምትለው ብቻዋን ቀረች፤ እሷንም አጠፏት። ባዶ ሆነ። ማሽኑ ግን ባዶ ስም አልቀበልም አለ።

«ስም ይፈልጋል» አሉ አቶ ብዙነህ። «አጭር ነው ያልከኝ?»

«አጭር፣ ክቡር ዲን። እባክዎ ቶሎ።»

አቶ ብዙነህ ቀና ብለው ፊታቸው የቆመውን ሰው አዩና ሦስት ፊደል ጻፉ። «ሆሴዕ»።

ሰርቨሩ ተነሣ። መቆጣጠሪያው ዞሮ ማሽኑን «ማን ነህ?» አለው፤ ማሽኑ ሦስት ፊደል መለሰለት፤ ሰላም ተባብለው ተላለፉ። ሐዳሳ የቀረውን ግማሽ አወጣች፣ አንዴ ቆጠረች፣ ላከች። መዛኞቹ «ደርሶናል» ብለው ሲመልሱ ቢሮ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በግቢው ውስጥ እልል የተባለው እልልታ ለዘነበች ይሁን ለሲስተሙ አልታወቀም። ዘነበች በዚያው ዙር ተመዝና አለፈች፤ ሀቢቾ አካባቢ ጤና ኬላ ውስጥ ልጆች ስታስከትብ ያዩዋት አሉ።

የስንብቱ ውሳኔ እንዲነሣ ማንም አልጠየቀም፤ ውሳኔውን ያስታወሰም አልነበረም። እጅ ያወጣነው ሰዎች በተለይ ፈጽሞ ረሳነው። አቶ ብዙነህ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም። ማስተካከያው ሲወርድ፣ አሁን የፈለገው ያህል ረጅም ስም መጻፍ እንደሚቻል ሆሴዕ ሄዶ ነገራቸው። «ይሁን፣ ተወው» አሉት። «ለምደነዋል።»

እውነትም ለመድነው። «ሆሴዕ ወረቀት ጎረሰ!» ይባላል በኮሪደሩ። «ሆሴዕ ቀለም ጨረሰ!» «ሆሴዕ ዛሬም አልነሣ አለ፣ አንድ ሰው በእግሩ ይምታው!» ሆሴዕ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሙ በተጠራ ቁጥር ከቢሮው እየሮጠ ይወጣ ነበር፤ ያልጎረሰውን ወረቀት፣ ያልጨረሰውን ቀለም ሊያስረዳ።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዘንባል፤ ሁላችንም በየቢሯችን ነን። ሐዳሳ የዲፕሎማ ወረቀት ልታትም ዲኑ ቢሮ ገብታ ነበርና ጮኸች።

«ወይኔ! ሆሴዕ አበላሸው!»

ሩጫ ጠበቅን። ሩጫ የለም። ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቢሮ፣ ወንበር ሳይንቀሳቀስ፣ የተረጋጋ ድምፅ መጣ።

«የትኛው ሆሴዕ?»

የአናቶሚ መምህሩ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። ሁላችንም ከየበራችን አንገታችንን አውጥተን ተያየን፤ ልጃቸው የመጀመሪያ እርምጃውን የተራመደ ወላጆች እንጂ የሥራ ባልደረቦች አንመስልም ነበር።

«ማሽኑ ነዋ!» አለች ሐዳሳ።

«እንግዲያውስ እሱ ያውቃል» አለ ሆሴዕ።

እንዲህ ብሎ መቀመጥ ግን አልቻለበትም። ትንሽ ቆይቶ መፍቻውን ይዞ ወጣ፤ ዲኑ ቢሮ ገብቶ ከማሽኑ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ሆዱን ከፈተለት፣ የተሰነቀረውን ወረቀት ሳይቀድ ቀስ አድርጎ ሳበለት፣ መልሶ ዘጋው። ሊነሣ ሲል በመዳፉ ጎኑን መታ መታ አደረገና፣ ማንም የሚሰማው ሳይመስለው «አይዞህ» አለው።

ሰምተነዋል።